የሶፍትዌር ወንፈል በሸዋሮቢት

ዛሬ ጉራ ልነዛ ነው። ጉራ የማይወድ ሰው ከወዲሁ ገጹን ይግለጥና ወደሚቀጥለው ይለፍ፤ አልቀየምም። እኛ የሸዋሮቢት ሽንኩርት ገበሬዎች፣ በየአገሩ ሰው የሚገለገልበት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ እጃችን አለበት። "ይሄ ሰውዬ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶበታል" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የኛ አገር ሙቀት አናት ላይ እንደሚወጣ አልክድም፤ ደብረ ሲና ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው እኛ ጋ ሲደርስ ሸሚዙንም ሊያወልቅ ይቃጣዋል። ይህ ግን የሙቀት ወሬ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ምስክር አለኝ፤ ፍየሏ ከተቆጠረች ደግሞ ሠላሳ ዘጠኝ።

ከኮምፒውተር ጋር ያለኝን ዝምድና አስቀድሜ ልናዘዝ። የተማርኩት ስድስት ሳምንት ነው። ከስድስቱ ሁለቱን መብራት አልነበረም፤ አንዱን ደግሞ አስተማሪው ታሞ ከረመ። የምጽፈው በሁለት ጣት ነው፤ ሦስተኛው ላግዝ ብሎ ሲመጣ ነገር ያበላሻል። ቢሆንም በመስኖ ማኅበራችን ውስጥ ኮምፒውተር በእጁ የነካ ሰው ከኔ በቀር ስላልነበረ፣ ማሽኑ በመጣ ሰሞን ያለ ተቀናቃኝ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ "ደሞዝ አለው?" አለችኝ። "ክብር ነው ያለው" አልኳት። ምሳ አቀረበችልኝና ወሬውን ቀየረች።

ማኅበራችን ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ አንድ ቦይ የሚጠጣ ነው። ቦዩ አንድ፣ ጠጪው ብዙ ስለሆነ ውሃው በተራ ነው። ይህ ተራ ድሮ በወረቀት ላይ አልነበረም፤ በጋሼ ተሰማ ራስ ውስጥ ነበር። ጋሼ ተሰማ የውሃ ዳኛችን ናቸው። ከቦዩ አፍ አጠገብ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ይቀመጡና "አንተ ማክሰኞ ከሁለት እስከ አራት፤ አንቺ ካራት እስከ ስድስት" ይላሉ፤ አለቀ። ጠብ ከተነሳ ሁለቱንም ወገን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠው ይሰማሉ። አንደኛው ከሌለ ግን ንጉሥ ቢለምናቸው ቃል አይወጣቸውም። እንዲህ እያሉ ሠላሳ ዓመት ዳኙ።

ዕድሜ ግን መጣ። አንድ ሰሞን ያንኑ ሰዓት ለሁለት ሰው መስጠት ጀመሩ። ሁለት ሰው አንድ ቦይ ላይ አካፋ ይዞ ሲገናኝ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ገበሬ መሆን አያስፈልግም። እኛም ይህን ስንፈራ ስንቸር፣ አንድ የመስኖ ባለሙያ ወጣት አሮጌ ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣና ተራ የሚያወጣ ፕሮግራም ጫነልን። ያለ ምንም ክፍያ ነው አለ።

"ወላሂ፣ በነፃ የሚሉት ነገር ያስፈራኛል!" አሉ እትዬ ዘሃራ። እትዬ ዘሃራ ሽንኩርት በማልማትም ሆነ በመናገር በማኅበሩ ውስጥ የሚስተካከላቸው የለም። "ማነው የሰጠን? ምን ፈልጎ ነው?"

ልጁ ረጋ ብሎ አስረዳ። ፕሮግራሙን የሠሩት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ውስጡ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ የተበላሸ ካለ ያርመዋል፣ ያረመውንም መልሶ ለሁሉም ይሰጣል። ኦፕን ሶርስ ይባላል። ይህን ተናግሮ በወሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረና እኛና ማሽኑ ተፋጠን ቀረን።

ፕሮግራሙ የተጫነ ቀን የሆነ አንድ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣም። ስብሰባው ሲያበቃ ጋሼ ተሰማ ተነሱ፣ ከዘራቸውን ኮምፒውተሩ አጠገብ ከግድግዳው ጋር አስደገፉና "እንግዲህ ዳኛው እሱ ነው" አሉ። ከዚያ ያለ ከዘራ፣ ትንሽ ጎበጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዘራው ቢሮው ጥግ እንደቆመ ቀረ። ጠርጌ ስወለውል እንኳ ዙሪያውን ነበር የምጠርገው።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ። መምሬ ገብሬና ሐጂ ሰይድ የማሳ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው አንድ ወሰን ብቻ ነው። የሐጂ ተራ ዓርብ ቀትር ላይ ሲውል ሐጂ ጁምዓ ላይ ናቸው። የመምሬ ተራ እሁድ ጠዋት ሲውል መምሬ ቅዳሴ ላይ ናቸው። ስለዚህ ይቀያየራሉ። የዓርቡን ቀትር መምሬ ያጠጡበታል፣ የእሁዱን ጠዋት ሐጂ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ አንድም ቀን አልተካካዱም። በኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ቦዩን ተከትላችሁ ብትወርዱ እንዲህ የሚቀያየር ጎረቤት በየማሳው ታገኛላችሁ። ጋሼ ተሰማም ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር።

ፕሮግራሙ ግን በየት በኩል ይወቀው? ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው፤ "አጠጥቷል" እና "አላጠጣም"። እኔ ደግሞ ሐቀኛ ጸሐፊ ነኝ። ሐጂ ዓርብ በሰዓታቸው ስላልነበሩ "አላጠጣም" አልኩ። መምሬም እሁድ በሰዓታቸው ስላልነበሩ "አላጠጣም" አልኩ። የፕሮግራሙ ሕግ ደግሞ ተራውን የተወ ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሂድ የሚል ኖሯል። ሁለቱም ጅራት ላይ ወደቁ። በዚያ ሐሩር ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ሳያገኙ ከረሙ፤ የሽንኩርታቸው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆነ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ዓይኔን በጨው አጥቤ "ኮምፒውተር አይሳሳትም!" ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። ዛሬ ሳስበው አፈር ልብላ ያሰኘኛል።

"ልጄ" አሉኝ ሐጂ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። "እኔና መምሬ ሃያ ዓመት ሳንጣላ የኖርን ሰዎች ነን። ይህ ሳጥን ሊያጣላን ነው?"

"ወይስ ቅዳሴውን ልተወው?" አሉ መምሬ።

ይህን ሲሉኝ ክርክሬን ተውኩ። ለጊዜው የወጣውን ዝርዝር በእስክርቢቶ አረምኩ። የሁለቱን ሳስተካክል የሌላ አራት ሰው ሰዓት ተደራረበና አካፋ ዳግመኛ ተነሳ። ከዚህ በኋላ ማኅበሩ ኮምፒውተሩን ለግምገማ አቀረበው።

ጊዜው ሁሉም ነገር የሚገመገምበት ጊዜ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ፣ ቀበሌው፣ አስተማሪው። ኮምፒውተሩ የሚቀርበት ምክንያት አልነበረም። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ አቧራ መከላከያ ጨርቁ ተገፎለት፣ እየዞርን ሂስ አወረድንበት። "የሕዝብ ወገንተኝነት ይጎድለዋል" ተባለ። "ከላይ የመጣለትን እንጂ ከታች አይሰማም" ተባለ። በመጨረሻ ሰብሳቢው ዞር ብለው "ግለሂስ ያድርግ" ሲሉ ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ አየ። ዝም ብሎ ብልጭ ድርግም አለ። "ይኸው! ጥፋቱን እንኳ አያምንም!" አሉ እትዬ ዘሃራ። በኮምፒውተሩ ፈንታ ተነስቼ ግለሂስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ውሳኔው አጭር ነበር። እስከሚቀጥለው የችግኝ ዝውውር ድረስ ፕሮግራሙ መቀያየርን ካልተማረ ማሽኑ ወደመጣበት ይመለሳል፤ ጸሐፊውም አብሮት። እንግዲህ ማሽኑ ከሄደ ተራውን ማን ያወጣዋል? ሁላችንም ጋሼ ተሰማን ላለማየት መሬት መሬቱን አየን።

ለፕሮግራሙ ሰዎች ደብዳቤ ልጽፍ ወሰንኩ። በምችላት እንግሊዝኛ ጽፌ ሳበቃ "ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን ያነበዋል?" የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ስለዚህ በወረቀት አተምኩት፤ የወጪ ቁጥርና ቀን ሰጠሁት፤ "ጉዳዩ፦ ፕሮግራማችሁ መቀያየር የማያውቅ ስለመሆኑ" አልኩ፤ ፈረምኩ፤ ክቡን ማኅተም አሳረፍኩበት። ከግርጌው "ግልባጭ፦ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር፤ ለፋይል" ብዬ ጨመርኩ። ከተማ ወርጄ በስካነር አስነሳሁትና በማኅበሩ ገመድ አልባ የሲዲኤምኤ ስልክ ላክሁት። ያ ስልክ ኢንተርኔቱን በጠብታ ነበር የሚሰጠን፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ደግሞ ጠብታውም ይቀራል። አንዱን ገጽ ለመላክ ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጀ።

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። የጻፈችልኝ ሊና የምትባል የፕሮግራሙ አስተባባሪ ናት፤ አገሯ በረዶ ነው። "ይህን ሥራ ከጀመርን ወዲህ ማኅተም ያለው የስህተት ሪፖርት ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ" ትላለች። ማኅተማችን ባሕር ማዶ ግድግዳ ላይ! ደብዳቤውን ለስንት ሰው እንዳነበብኩ አልነግራችሁም። ቀጥላ ግን ሁሉም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ስለሆኑ መቼ እንደሚደርሱበት ቃል መግባት እንደማትችል ጻፈች። "እናንተስ ልታግዙን ትችላላችሁ?" ስትልም ጠየቀች።

"እኛ ኮድ መጻፍ አናውቅም" አልኳት።

"ኮድ መጻፍ ከሥራው አንዱ ብቻ ነው" አለችኝ። የሚተረጉም ያስፈልጋል፤ እየሞከረ የሚበላሽበትን የሚያገኝ ያስፈልጋል፤ ለአዲስ ሰው መመሪያ የሚጽፍ፣ የጠየቀ ሰው ሲመጣ የሚመልስ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው መሬት ላይ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግራቸው ያስፈልጋል።

ይህን ለጉባኤው ሳነብ ከኋላ ወንበር ጋሼ ተሰማ እጃቸውን አነሱ። ከዘራውን ካስቀመጡ ወዲህ ተናግረው አያውቁም ነበር።

"ይህቺ ልጅና ጓደኞቿ ለኛ ስንት ጊዜ ሠሩ?"

"ኧረ ብዙ ዓመት፣ ጋሼ።"

"እኛስ ለነሱ?"

"ለነሱማ እስካሁን ምንም።"

"ታዲያ ይሄ ወንፈል አይደለም እንዴ? አንድ ቀን እንኳ ማሳቸው ላይ ሳንውል፣ በምን አፋችን ነው ኑልን የምንለው? መጀመሪያ እንሂድላቸው።"

ወንፈልን ለማታውቁት የከተማ ልጆች ላስረዳ፤ ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርምልሃለሁ፣ ነገ አንተ የኔን። ያልሄደ አይጠራም። ይኸው ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሠላሳ ስምንታችን ባሕር ማዶ ያለ ማሳ ልናርም ወጣን።

ከትርጉሙ ጀመርን። ፕሮግራሙ የሚናገረውን እያንዳንዷን ቃል ለጉባኤ አቀረብኩ። ገና በመጀመሪያዋ "ስም አስገባ" ላይ ሐጂ ሰይድ ቀና አሉ። "ማነው እሱ፣ በኔ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ የሚለው?" ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁሉንም አንቱ እንዲል ተወሰነ። እትዬ ዘሃራ ግን ያጠፋ ሰው አንቱታው ሊነሳበት ይገባል ብለው ሞገቱ። መምሬ ደግሞ ሰው በክብር መነገር የሚያሻው ባጠፋ ጊዜ ነው አሉ። በአንዲት መስመር ላይ ግማሽ ቀን ፈጀን። "ይቅርታዎን፣ ያስገቡት ሰዓት በሌላ ሰው ተይዟል" የምትለው ዛሬ ድረስ እዚያው አለች፤ ሂዱና እዩዋት።

ሙከራውን የያዙት እትዬ ዘሃራ ነበሩ። "ምን ባደርገው ነው የሚበላሸው?" እያሉ በየቀኑ መጡ። በወሩ ውስጥ የሌለ ቀን ያስገባሉ፣ የሞተ ሰው ተራ ይጠይቃሉ፣ ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ይሰጡታል። አንድ ቀን ፍየላቸውን ሸጊትን አባል አድርገው መዘገቧት። ፕሮግራሙ ዓይኑን ሳያሽ ለሸጊት ማክሰኞ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውሃ ሰጣት። እኔ ሳቅሁ። ማክሰኞ ጠዋት ግን እትዬ ዘሃራ አካፋ በትከሻቸው፣ ሸጊትን በገመድ እየጎተቱ ቦዩ አፍ ላይ ደረሱ።

"ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?"

"ተራዋ ነው። ዝርዝሩን አላየህም?"

ተከራክሬ ልመልሳቸው ብሞክር፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም ያልኩትን ራሴን አስታወሱኝ። ሸጊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃዋን አጠጣች። ለሊና "ፕሮግራሙ ፍየልን ከሰው አይለይም" ብዬ ጻፍኩ፤ በእርግጥ በማኅተም። እሷም መዝገባቸው ላይ "የፍየሏ ስህተት" ብለው እንዳሰፈሩትና ከእንግዲህ አዲስ አባል በሁለተኛ ሰው ሳይረጋገጥ እንደማይገባ መለሰችልኝ። ይህ ለሌላውም አገር ሁሉ የሚሠራ ሕግ ሆነ። ሸጊት ይህን ሳታውቅ ቅጠሏን ታኝክ ነበር።

መመሪያውን መምሬ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው ጻፉት። ጸሎትና ምርቃቱ አራት ገጽ ያዘ፤ ኮምፒውተሩ የሚከፈተው አምስተኛው ገጽ ላይ ነው። ሐጂም ውሃ አማና፣ ማለትም አደራ፣ ስለመሆኑ አንድ ገጽ አስጨመሩ። ይቆረጥ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ሊና ግን አንዲት ፊደል አትነካ አለች። እኔ ደግሞ ለጠያቂዎች መላሽ ሆንኩ። አንዲት የሰው አገር ሴት ዝርዝሩ አልታተም አላት፤ ማተሚያችንን ሦስት ጊዜ ያበላሸሁ ሰው ስለሆንኩ መልሱን አውቀዋለሁ። ነገርኳት፣ ሠራላት፣ አመሰገነችኝ። እኔ! የስድስት ሳምንቱ ተማሪ!

እንዲህ ስንል ሁለት ወር አለፈ፤ የችግኝ ዝውውሩ ተቃረበ። ጋሼ ተሰማ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ደገሙት፣ "አሁን ተራው የኛ ነው። ጥራቸው" አሉ።

ጻፍኩ። "በማሳችሁ ስንውል ከርመናል። በመጪው ቅዳሜ ደግሞ የኛ ወንፈል ነው፤ ሥራው ፕሮግራሙን መቀያየር ማስተማር ነው። ኑልን። ምግብና መጠጥ ከኛ ነው።"

ሊና "በጣም ደስ ይለናል፤ ለናንተ የሚቀርበው አውሮፕላን ማረፊያ የቱ ነው?" ብላ መለሰችልኝ።

ሰዎቹ ሊመጡ ነው! የት አሳድራቸዋለሁ? በዚህ ሙቀት ቀልጠው ቢቀሩስ ማን ይጠየቃል? ላብ በላብ ሆኜ፣ ካሉበት ሆነው ቢሠሩልን እንደሚበቃ የሚያስረዳ ረጅም ደብዳቤ ሰደድኩ። እሷም ነገሩ ገባትና ለጓደኞቿ ጥሪውን አስተላለፈች። ሰባት ሰዎች ቅዳሜ ውለው ሊሠሩልን፣ እያንዳንዳቸው በየቤታቸው ሆነው፣ ቃል ገቡ።

እኔ እንግዲህ ድግሱ ቀረ ብዬ ነበር። ጋሼ ተሰማ አይሆንም አሉ። "የወንፈል ሰው ጦሙን አይሠራም።"

"ጋሼ፣ እዚህ የሉም እኮ!"

"ባይኖሩስ? ቀለባቸው ይቅረብ። እነሱ ባይበሉት በስማቸው ይበላል።"

ሁለት ፍየል ታረደ፤ አንዱ በክርስቲያኑ እጅ፣ አንዱ በእስላሙ። ሸጊት ከነሱ ውስጥ አልነበረችም፤ እትዬ ዘሃራ ሠራተኛ አይታረድም ብለው አስጥለዋታል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው፣ ደጁና አጥሩ ሥር ሁሉ በሰው ሞላ። ሰባቱም አንድ በአንድ ጽሑፍ ላይ ብቅ እያሉ ሰላም አሉን፤ እኔም እየተረጎምኩ የእያንዳንዱን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ፣ ሕዝቡም "እንኳን ደህና መጣህ!" እያለ ተቀበለ። የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። ላነብ አፌን ከፈትኩ። መብራት ጠፋ።

ወይ መዓት! የሰው አገር ሰው ቅዳሜውን ሰውቶ ተቀምጧል፣ እኛ ጨለማ ስክሪን እናያለን። ጭንቅላቴን ይዤ ቁጭ አልኩ። እትዬ ዘሃራ ግን ያኔውኑ ገመዱን ነቅለዋል። "አስፋልቱ ዳር ያለው ሆቴል ጄኔሬተር አለው! ተነስ! ምን ትጎለታለህ!" ባጃጅ ተጠራ። እትዬ ዘሃራ ስክሪኑን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ፣ ጋሼ ተሰማ አጠገባቸው፣ እኔ ሳጥኑንና ስልኩን ይዤ ከባለ ባጃጁ ጎን ተጣበቅሁ። ሕዝቡ ድስቱንና መሶቡን ተሸክሞ ከኋላ ተከተለን።

ሆቴሉ ግቢ ማንጎው ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ጄኔሬተሩ ተንገጫገጨ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ስልኩ ከብዙ ልመና በኋላ መስመር ያዘ። ሰባቱም አልሄዱም፤ እየጠበቁን ነበር። ለምሳ የቆመ የደሴ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሰርግ መስሎት ግቢውን ሞላው። አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ "ሙሽሮቹ የታሉ?" ቢሉኝ፣ "ሰርግ አይደለም፣ ወንፈል ነው፤ ሶፍትዌር እየሠራን ነው" አልኳቸው። "እግዜር ያውጣችሁ" ብለው ሳህናቸውን ተቀበሉ።

ጥያቄዎቹ ወረዱ። "ተራ የተቀበለ ሰው ለሦስተኛ ሰው ማሳለፍ ይችላል?" ሊቀ መንበሩ እኔን አዩ፣ እኔ መምሬን፣ መምሬ ሐጂን። ከዚያ ሁላችንም ወደ ጋሼ ተሰማ ዞርን። ያን ጠዋት ቀኑ ምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር።

"አይችልም" አሉ ጋሼ ተሰማ። "የሰጠኝ እኔን አምኖ ነው። ሦስተኛውን አላመነም።"

ጻፍኩ። ከባሕር ማዶ "ገባን" አሉ።

"ከተቀያየሩት አንዱ ሳይመልስ ቢሞትስ?"

"ውሃው ሰውን ሳይሆን ማሳውን ነው የሚያውቀው። ማሳውን የወረሰ ይመልሳል።"

"አንደኛው ብቻ ተቀያይረናል ቢልስ?"

"ሁለቱም በየአፋቸው ካላሉ አልተቀያየሩም።"

ሃያ ምናምን ጥያቄ ጠየቋቸው፤ አንዱ ላይ እንኳ አልተደናቀፉም። ትናንትን የሚረሱት ሰውዬ የሠላሳ ዓመት ሕጋቸውን አንዷን ሳያስቀሩ ዘረገፉት፤ እኔም በሁለት ጣቴ እየሮጥኩ ባሕር ማዶ አሻገርኩት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የጄኔሬተሩ ጭስ ነው አልኩ፤ ጭሱ ግን በዚያ በኩል ነበር የሚሄደው። በኩራት ነው ያለቀስኩት፣ አልዋሽም።

በየመሃሉ "አሁን ጥብሱ ቀረበ" እያልኩ ለሠራተኞቹ እጽፍላቸው ነበር፤ ጋሼ ተሰማ አዘውኝ ነው። ከሰባቱ አንዱ እሱም ቤቱ ዳቦ በአይብ እየበላ መሆኑን ነገረኝ። "ያ አላህ፣ ምስኪን! ደረቅ ዳቦ!" አሉ እትዬ ዘሃራ። "ድርሻው ተቀምጦለታል በለው!" ድርሻውን ባለ ባርኔጣው ሽማግሌ በልተውለታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ ፕሮግራም ደረሰ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስተኛ ምርጫ በቅሎ ነበር፤ "ተራ ተቀያይረዋል"። ዓርብ ቀትር ላይ ሐጂ ጁምዓቸው ላይ ሳሉ መምሬ አጠጡ። እሁድ ጠዋት መምሬ ቅዳሴያቸው ላይ ሳሉ ሐጂ አጠጡ። ፕሮግራሙም አንዳቸውንም ወደ ጅራት አልላከም። ሐጂ አዲሱን ዝርዝር አገላብጠው አዩና "አልሃምዱሊላህ፣ ሳጥኑም ጎረቤት ማለት ምን እንደሆነ ገባው" አሉ። ማሽኑም እኔም በቦታችን ቀረን።

ፕሮግራሙ የሠሩትን ሰዎች ስም የሚዘረዝር ገጽ አለው። ሊና በዚያ ገጽ ላይ የሁላችንንም ስም አስገባች፤ "ፍየሏንስ?" ብላ ጠይቃኝ እሷንም አስገባናት። በፊደል ተራ ሸጊት ከዘሃራ በፊት ስለመጣች እትዬ ዘሃራ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ። የጋሼ ተሰማ ግን ከተርጓሚውም ከሞካሪውም ጋር አልሄደም። ለሳቸው ሊና አዲስ ርእስ ከፍታ፣ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ ጻፈች፤ ርእሱ "የውሃ ዳኛ" ይላል። አትሜ ወሰድኩላቸው። አዩት፣ አጠፉት፣ ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ ደብዳቤ መጣ። እንደኛው በአንድ ቦይ ከሚጠጣ፣ ስሙን ሰምተን ከማናውቀው የተራራ መንደር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ተራ ተቀያይረው ነበር፤ አሁን አንደኛው ትርፍ ሰዓት አጠጥቶብኛል ይላል። ከስሞቹ ገጽ ላይ አይቶ የጻፈው "ለውሃ ዳኛው" ብሎ ነው። እየሮጥኩ ቁርቁራው ሥር ሄጄ አነበብኩላቸው።

ጋሼ ተሰማ ተነሱ። ቢሮ ገቡ፣ ወደ ጥጉ ሄዱ፣ ከዘራቸውን አነሱ፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

"ሁለቱም አሉ?"

"የለም ጋሼ፣ የጻፈው አንደኛው ነው።"

"አንዱ በሌለበት አልዳኝም። ሌላውን ይጥራው።"

ይህንኑ ጻፍኩ። ኔትወርኩም፣ እዚያ ያለው ኩርፊያም ተጨምሮ አራት ቀን ፈጀ። በየቀኑ ጠዋት ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ሰዎች አንድ ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን መቀመጣቸውን የሚገልጽ መልእክት ገባ። አነበብኩላቸው።

ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

"እሺ" አሉ፣ "ማነው የሚጀምረው?"